ካርቶኑ 2000 ዋት ይላል፣ ፊውዙስ?

ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ተራ የደረሰው ሚኒባስ ገና ግማሽ አልሞላም። ረዳቱ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሰቅሎ «ደሴ! ደሴ! ደሴ!» ይላል። ከኋለኛው ወንበር ሥር ከተወሸቀው ሳጥን የሚወጣው ቤዝ የመስኮቱን መስታወት፣ የበሩን ላሜራና የተሳፋሪውን ደረት አንድ ላይ ይነቀንቃል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ነው። ቀና ብሎ የጣሪያውን መብራት ያየ ተሳፋሪ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ቤዙ በመታ ቁጥር አምፖሉ ፈዘዝ ይልና ይመለሳል።

መብራቱ የሚፈዘው አምፕሊፋየሩ የሚጠይቀውን ኤሌክትሪክ መኪናው ስለማያደርስለት ነው። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ 2000 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ባለመኪናው ቁጥሩን አምኖ ከፍሏል። እኔ ግን ያ ቁጥር በዚያ ሚኒባስ ውስጥ የለም እላለሁ፤ ሊኖርም አይችልም። ለምን እንደማይችል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው በራሱ ሊደርስበት ይችላል። ብዙ ወጣት ሾፌሮች በዕዳ ጭምር የሚያወጡትን ገንዘብ የሚያድን ስሌት ስለሆነ ቁጭ ብሎ መሥራቱ ይጠቅማል።

የሱቁ ወግ ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ያው ነው።

«ስንት ዋት ነው?»

«ሁለት ሺህ።»

«ከዚህ የሚበልጥ የለም?»

«ሦስት ሺህ አለ። አብሽር ጋሼ፣ ይሄ መስታወት ነው የሚያረግፈው።»

በዚህ ምልልስ ውስጥ ስለ ዲናሞ የሚያነሳ የለም፤ ስለ ፊውዝ የሚጠይቅም የለም። ገዢው ቁጥሩን ያያል፣ ሻጩ ቁጥሩን ይጠራል፣ ዋጋውም በቁጥሩ ይወጣል።

እስቲ ቁጥሩን ከቤት ዕቃ አጠገብ እናስቀምጠው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይወስዳል። 3500 ዋት የሆነውን ብንወስድ፣ ከግድግዳው በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት ምን እንደሚሆን፣ የቆጣሪው አሃዝም እንዴት እንደሚሮጥ የማያውቅ የለም። አሁን ከምጣዱ ግማሽ የሚበልጠውን ኃይል ከመኪና ባትሪ እናውጣ። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። ሞተሩ የተነሳ መኪና የሚሰጠው 13.8 ቮልት አካባቢ ስለሆነ፣ 2000 ዋት ለማግኘት አምፕሊፋየሩ አንዲት ዋት ሳያባክን እንኳ 145 አምፔር መሳብ አለበት። ሳያባክን የሚሠራ አምፕሊፋየር ደግሞ ገና አልተሠራም። በጥሩ ሁኔታ የሚሠራው 180 አምፔር፣ አሮጌው ዓይነት 260 አምፔር ይፈልጋል። የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶችና ትናንሽ የቤት መኪኖች የሚሸከሙት ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 አምፔር የሚሰጥ ነው፤ ከዚያም ላይ የመኪናው የራሱ ፍጆታ ይቀነሳል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ ባለ 55 ዋት አምፖል ከሆኑ 8 አምፔር ይወስዳሉ።

የተጋነነ ቁጥር መጻፍ የተጀመረው በአምፕሊፋየር አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቴፕም ፊቱ ላይ «50 ዋት × 4» የሚል ጽሑፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ 50 ከየት እንደመጣ ማወቅ ሌላውን ሁሉ ይፈታል። የመኪና ኤሌክትሪክ ቢበዛ 14.4 ቮልት ይደርሳል። ቴፑ ውስጥ ያለችው ቺፕ ይህን ቮልት ከፍ የምታደርግበት መንገድ የላትም፤ ያገኘችውን ወዲህና ወዲያ እያገላበጠች ለስፒከሩ ትሰጣለች። ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ፣ የሙዚቃው ሞገድ ጫፉ ሳይቆረጥ፣ ከዚህ ቮልት ሊወጣ የሚችለው በስሌት 26 ዋት ገደማ ነው። ቺፑ ውስጥ የሚቀረው ሲቀነስ በተግባር ወደ 20 ይወርዳል። 50ውን ለማግኘት 14.4ን በራሱ አባዝቶ ለ4 ማካፈል ያስፈልጋል፤ መልሱ 51.84 ነው። ይህ ኃይል በእርግጥ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ሞገዱ ሁሉ ጫፉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ማለትም ዘፈኑ ተቀዶ ቃሉ ከቃሉ በማይለይበት ሰዓት። አምራቹ አልዋሸም ይባል ይሆናል። የጻፈው ግን ማንም ሊያዳምጠው የማይፈልገውን ድምፅ ኃይል ነው።

አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው የ14.4 ቮልትን ጣሪያ ለማለፍ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ክፍል ድምፅን አይነካም፤ የባትሪውን ቮልት በፍጥነት እያበራና እያጠፋ በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ወደ ብዙ አሥር ቮልት ያሳድገዋል። ሁለተኛው ክፍል ይህን ያደገ ቮልት በሙዚቃው ቅርጽ ቀርጾ ለሰብውፈሩ (ለቤዝ ስፒከሩ) ይልካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አምፕሊፋየር ኃይል አይፈጥርም። ቮልት ሲጨምር አምፔር ከኋላ፣ ከባትሪው በኩል፣ በዚያው ልክ ይጨምራል። በስፒከር ገመዱ የወጣ ዋት ሁሉ ከነብክነቱ በወፍራሙ ቀይ ገመድ የገባ ነው።

ብክነቱ እንደ አሠራሩ ይለያያል። በተለምዶ «ኤቢ» የሚባለው ክፍል አምፕሊፋየር ከሚወስደው ኃይል ግማሹን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያሳልፋል፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ በአልሙኒየም ክንፎቹ ይወጣል። «ዲ» የሚባለው ትራንዚስተሮቹን ሙሉ በሙሉ እየከፈተና እየዘጋ ስለሚሠራ ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ለሰብውፈር ብቻ የሚሠሩት ባለ አንድ መውጫ አምፕሊፋየሮች አሁን አብዛኞቹ ክፍል ዲ ናቸው። ገዢው ካርቶኑ ላይ ሊፈልገው የሚገባ ፊደል ካለ ይህ ነው።

ፊውዙን ማንበብ

አምፕሊፋየር ሲገዙ ካርቶኑን ያስቀምጡና ዕቃውን ራሱን ያዙሩት። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚታሰርበት ጎን ላይ እንደ ቢላ ጥርስ የገቡ ባለ ቀለም ፊውዞች አሉ፤ ቁጥራቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፏል። አምራቹ ፊውዙን ሲመርጥ ሊያጋንን አይችልም፤ ካሳነሰው ዕቃው በየጊዜው እየተቋረጠ ይመለስበታል፣ ካበዛው ይቃጠልበታል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከመላው ዕቃ ላይ እውነቱን የሚናገረው ጽሑፍ ይህ ነው።

ሁለት ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ያለው «2000 ዋት» አምፕሊፋየር እንያዝ። 40 አምፔር ሲባዛ በ13.8 ቮልት 552 ዋት ነው። ይህ የሚገባው ነው። ክፍል ኤቢ ከሆነ የሚወጣው 300 ገደማ፣ ክፍል ዲ ከሆነ 440 ገደማ ይሆናል። በቃ። ለጥቂት ሰከንድ ከዚህ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ፊውዝ ከልኩ ጥቂት ያለፈ አምፔርን ለአጭር ጊዜ ይታገሣል፣ ሙዚቃም ያለማቋረጥ አይመታም። ሆኖም 400 ዋት በትዕግሥት ብዛት 2000 አይሆንም።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር መፍትሔ ተፈልጎለታል። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየራዲዮ ካሴቱ ላይ ይለጠፍ የነበረው «ፒኤምፒኦ» የሚባል ልኬት ምንም ዓይነት የጋራ ሕግ አልነበረውም፤ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ላይ ሺህ ዋት ይጻፍ ነበር። በ1995 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ግን የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር ለመኪና አምፕሊፋየር ሲኢኤ-2006 የተባለ ስታንዳርድ አወጣ። መለኪያው ግልጽ ነው፦ 14.4 ቮልት ይሰጠዋል፣ 4 ኦም ጭነት ይታሰርበታል፣ የድምፁ መበላሸት ከመቶ 1 ሳያልፍ የሚሰጠው ቀጣይ ኃይል ይጻፋል። በዚህ መንገድ የተለካ አምፕሊፋየር ላይ ያለ 400 ዋት የእውነት 400 ዋት ነው። ስታንዳርዱ ግን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያልፈለገ አምራች አይከተለውም። እኛ ገበያ ላይ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ያለበት ዕቃ ዘንድ ይህን ምልክት መፈለግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ከትልቁ ቁጥር ሥር በትንንሽ ፊደል «አርኤምኤስ» ተብሎ የተጻፈ ሌላ ቁጥር ካለ ግን እሱን ያንብቡ፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚናገረው እሱ ነው፣ ከፊውዙ ስሌት ጋርም ይቀራረባል።

ወደ ደሴ ሲወጣ

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ 2500 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዋናው ሥራው መውጣትና መጠምዘዝ ነው። ሾፌሩ ማርሹን ወደ ሁለት ያወርዳል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ የጣሪያው መብራትም መፍዘዙን ያቆማል።

ምክንያቱ ዲናሞው ነው። ዲናሞ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለተያያዘ የሚሰጠው አምፔር ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሚኒሞ ላይ ከሙሉ አቅሙ ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ይሰጣል፤ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ሲሽከረከር ወደ ሙሉ አቅሙ ይጠጋል። የከተማ ለከተማ ሚኒባስ ሙዚቃውን ከፍ የሚያደርገው ግን መናኸሪያ ቆሞ ሰው በሚጠራበት ሰዓት ነው። አምፕሊፋየሩ ብዙ በሚጠይቅበት ሰዓት ዲናሞው ትንሽ ይሰጣል። ልዩነቱን ባትሪው ይከፍላል።

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት፣ ግማሽ ሲሆን 12.2፣ 11.8 ሲደርስ ባዶ ሊባል የቀረበ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በብዙ አምፔር አስነሥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው። በየቀኑ እስከ ግማሽና ከዚያ በታች መውረድ ያልተሠራበት ሥራ ነውና ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የደሴ የማለዳ ብርድ ሲጨመርበት፣ ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ፣ ማታ በቤዝ የተሟጠጠ ባትሪ ጠዋት መኪና አያስነሳም። ተገፍቶ የሚነሳ ሚኒባስ ስናይ ጥፋቱን ሁልጊዜ ባትሪ ሻጩ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም።

ኤሌክትሪኩ በነዳጅ የሚገዛ መሆኑም ይረሳል። ዲናሞ ከሚወስደው ጉልበት ግማሹን ጥቂት አሳልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። አምፕሊፋየሩ 500 ዋት ሲጎትት ከሞተሩ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በላይ ይወሰዳል። ዳገት ላይ ተሳፋሪ ጭኖ ለሚወጣ ሞተር ይህ የሚሰማ ነው። ከደሴ ሲወረድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው፣ ዲናሞውም በቁልቁለቱ ጉልበት ይዞራል። በዚህ መንገድ ላይ ቤዝ በርካሽ የሚገኝበት ሰዓት ይህ ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት። በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አፋርና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ ከዚህ ይነሳል፤ ደረቅ ወደቡም፣ ፋብሪካዎቹም፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚህ ናቸው። የጭነት አይሱዙና ሲኖትራክ ሾፌሮች ረጅም መንገድ ስለሚነዱ ጥሩ ድምፅ ይወዳሉ፤ ይገባቸዋልም። የእነሱ መኪና ግን 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ ተከታትሎ የታሰረ። ባለ 12 ቮልት አምፕሊፋየር ሲገጠም ቀላሉ መንገድ ከሁለቱ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ገመድ መሳብ ይመስላል። ይህ ሁለቱንም ባትሪ ይገድላል። አምፕሊፋየሩ የሚጠባው አንዱ ባትሪ እየጎደለ ይሄዳል፤ ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላ የጎደለው ሳይሞላ፣ የሞላው ከልክ በላይ ይሞላል። ትክክለኛው መንገድ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ ነው። እሱም የራሱ ጣሪያ አለው፤ 20 አምፔር የሚሰጥ መለወጫ ከ260 ዋት በላይ ማሳለፍ አይችልም፣ ከኋላው ባለ 3000 ዋት ካርቶን ቢደረደርም።

ዋት ሲጨምር ጆሮ የሚሰማው

እንበልና አንድ ሾፌር እውነተኛ 300 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር አለው፤ እውነተኛ 600 ለመግዛት ያስባል። ዋቱ እጥፍ ሆነ። ድምፁስ? 3 ዴሲቤል ጨመረ፤ ጆሮ ይለየዋል እንጂ «እጥፍ ሆነ» አይለውም። ሰው ድምፅ እጥፍ ሆነ የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ከ300 ወደ 3000። ሚኒባሱ ላይ ይህ እንደማይሆን አይተናል።

ግን 3 ዴሲቤል በሌላ መንገድ ይገኛል። ስፒከሮች 1 ዋት ተሰጥቷቸው 1 ሜትር ላይ በሚሰጡት ዴሲቤል ይለካሉ። 86 የሚሰጥ ሰብውፈርና 89 የሚሰጥ ሰብውፈር መካከል ያለው ልዩነት አምፕሊፋየሩን ከ300 ወደ 600 እንደ ማሳደግ ነው፤ ያለ ተጨማሪ አምፔር፣ ያለ ተጨማሪ ሙቀት። ይህ ቁጥር በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሳጥኑም እንደዚሁ። ልኩ ተጠንቶ፣ ከወፍራም ጣውላ ተሠርቶ፣ መገጣጠሚያው በደንብ የታሸገ ሳጥን ከርካሽ ቀጭን ሳጥን ጋር ሲነጻጸር በጆሮ የሚለይ ልዩነት ያመጣል። ደሴ ውስጥ ጥሩ አናጢ ሞልቷል፤ ለጥሩ ሳጥን የሚከፈለው ገንዘብ ለካርቶን ቁጥር ከሚከፈለው ይልቅ ብዙ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከፍታችንም ድርሻ አለው። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር በጥግግት ከአምስት አንድ እጅ በላይ የቀነሰ ነው። ድምፅ ማጉያ የሚገፋው አየርን ስለሆነ፣ የስፒከሩ ኮን እኩል ርቀት ቢንቀሳቀስ ደሴ ላይ የሚሰማው ድምፅ ከጅቡቲ ወደብ በ2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ግን ልዩነቱ ግማሽ ዴሲቤል ነው፤ የትኛውም ጆሮ አይለየውም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሳጥኑ ውስጥ የተዘጋው አየር ነው። ያ አየር ለኮኑ ሱስታ ሆኖ ይይዘዋል፤ ጥንካሬው ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ይሄዳል፣ ደሴ ላይ ያለው ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ዱባይ ላይ ለተጠና ዝግ ሳጥን የተሰጠው የኃይል ልክ እዚህ ሲመጣ ኮኑን ከሚገባው በላይ ሊያዘልለው ይችላል። «ጥፍ ጥፍ» የሚል የብረት ምት የሚሰማው የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ (ኮይሉ) ከኋላው ብረት ጋር ሲጋጭ ነው፤ ያን የሰማ ወዲያው መቀነስ አለበት። ቀጭን አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም፤ ወንበር ሥር ተጨናንቆ የተገጠመ አምፕሊፋየር ክፍተት ይፈልጋል።

ሰብውፈር ራሱ የሚሠራው ድርሻ ጠባብ ነው፦ ከ30 እስከ 80 ኸርዝ አካባቢ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ይመታል፤ የዘመናዊው ዘፈን የኤሌክትሮኒክ ከበሮም እዚያው ነው። የወሎ ሙዚቃ ሥሩ ግን ሌላ ቦታ ነው። አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን በዚሁ አካባቢ ካሉ ቦታዎች የያዙት ቅኝቶች፣ በድምፅ፣ በማሲንቆና በክራር የኖሩ ናቸው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ85 ኸርዝ ገደማ ይጀምራል፣ የሴት ደግሞ ከ165። በአምባሰል የምትታወቀውን ማሪቱ ለገሰን የሚያዳምጥ ሾፌር ሰብውፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ነው የሚሄደው፤ ድምጿን የሚያመጡት የበሩ ስፒከሮች ናቸው። መንዙማ ላይ ድቤው ሲመታ ሰብውፈሩ ይነቃል፣ ቃሉና ቅላጼው ግን አሁንም ከበሩ ነው የሚመጣው። እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ገንዘቡን ለጥሩ የበር ስፒከርና ለትንሽ ባለ አራት መውጫ አምፕሊፋየር ቢያውለው፣ ቃሉ ጠርቶ ይሰማዋል። ማንም ሻጭ ይህን ሲመክር አልሰማሁም፤ ስለዚህ እኔ እመክራለሁ።

ስፒከርን የሚገድለው

«አምፑ ስላነሰው ሳይሆን ስለበዛበት ነው የተቃጠለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። 300 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር 2000 ነው ብሎ ያመነ ሰው ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ «ገና 2000 አልደረሰም» ብሎ። የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይቀደዳል፤ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ከንጹሑ እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ያለ ፋታ ወደ ኮይሉ ይልካል። ኮይሉ ይግላል፣ ሙጫው ይቀልጣል፣ የመቃጠል ሽታ ይመጣል። ውሸተኛ ቁጥር ገንዘብ ከማስባከን አልፎ ዕቃ የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

በገመዱ ላይም እንደዚሁ። ከባትሪው እስከ ኋላ 5 ሜትር የሚሄድ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 50 አምፔር ሲያልፍበት ከ0.8 ቮልት በላይ ይበላል፤ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን 0.2 ብቻ። ገበያ ላይ ያለው ብዙ ወፍራም ገመድ ደግሞ ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ነው፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ እሱ ነው፣ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን መግዛት ያስፈልጋል። የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመዱ አጭር ይሁን፣ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ላሜራ ላይ ይታሰር። ከሁሉ በላይ ግን ባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ ሌላ ፊውዝ መኖር አለበት። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ አምፕሊፋየሩን ይጠብቃል እንጂ ገመዱን አይጠብቅም። ቀዩ ገመድ ወንበር ሥር ተልጦ ላሜራ ቢነካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ገመዱ በሰከንዶች ይቀላል። ሰው በጫነ ሚኒባስ ውስጥ ይህ ፊውዝ የሌለበትን ገጠማ ማንም ባለሙያ «ጨርሻለሁ» ብሎ ማስረከብ የለበትም።

ስለ ጆሮም መናገር አለብኝ፤ በተለይ ስለ ረዳቶቹ። በሥራ ቦታ ጤና ላይ የሚሠራው የአሜሪካው ተቋም ናዮሽ 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በከፍተኛ ሙዚቃ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ተሳፋሪው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይወርዳል። ረዳቱ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ከስፒከሩ አጠገብ ነው፣ ብዙዎቹም ገና ልጆች ናቸው። ከሰፈሩ በኩል ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ በአገሪቱ የድምፅ መመሪያ መሠረት የመኖሪያ ሰፈር ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 40 ኸርዝ ያለው ቤዝ ሞገዱ ከ8 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ግድግዳ አይከለክለውም፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ቤዝ ጓዳ ድረስ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ አምፕሊፋየር ለሚገጥሙ ባለሙያዎች አዲስ ዓይነት መኪና እየመጣ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ዲናሞ የለውም። ትልቁ ባትሪ በመለወጫ በኩል ትንሹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሞላል፣ አምፕሊፋየርም የሚታሰረው በዚሁ በትንሹ በኩል ነው። ቆሞም ሆነ እየሄደ የሚሰጠው እኩል ነው፤ የሚኒሞ ችግር አይኖርም። ነገር ግን በብርቱካናማ ገመድ የሚሄደው ከፍተኛ ቮልት ገዳይ ነው። ወለል ላይ ብሎን ለማስገባት የሚበሳ ቀዳዳ ከባትሪው ሳጥን ጋር ሊገናኝ ይችላል። ይህን ሳይማሩ መንካት አይገባም።

የሚለካበት መንገድ

እውነቱን ለማወቅ ብዙ ዕቃ አይፈለግም። የምጣድ ሽቦ ይበቃል። የ3500 ዋት ምጣድ ሽቦ ሙሉው 14 ኦም ገደማ ነው፤ ከሱ ላይ በቴስተር እየለኩ 4 ኦም የሚሆነውን መቁረጥ፣ ጡብ ላይ ማስቀመጥ፣ ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጋር በስፒከር ፋንታ ማሰር ነው። ሽቦው 16 አምፔር የለመደ ስለሆነ አይጨነቅም። ፍላሽ ላይ ባለ 50 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ ጭኖ ማጫወት፣ ሞተሩን ማስነሳት፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ የሽቦውን ሁለት ጫፍ መያዝ። 50 ኸርዝ የመብራት ኃይል መስመር ድግግሞሽ ስለሆነ ርካሹ ቴስተርም በትክክል ያነበዋል። ድምፁን ቀስ እያሉ ሲጨምሩ ንባቡ ይወጣል፤ መውጣቱ ሲዘገይ ሞገዱ መቆረጥ ጀምሯልና እዚያ ላይ ማቆም። 34 ቮልት ካነበበ፣ 34 ሲባዛ በ34፣ ሲካፈል ለ4፦ 289 ዋት።

የሞገዱን መቆረጥ በዓይን ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ይፈልጋሉ። ከተማው ውስጥ የሚሸጡትን አምፕሊፋየሮች እየሰበሰቡ በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም ለክቶ ውጤቱን ለጋራዦችና ለሱቆች መስጠት አንድ ሴሚስተር የማይፈጅ ሥራ ነው። እስከዚያው ግን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው በራሱ ሽቦ የለካውን ዋት፣ ኦሙንና በዚያ ሰዓት ባትሪው ላይ የነበረውን ቮልት ጨምሮ፣ በማርከር አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ይጻፈው። ዕቃው ከሚኒባስ ወደ ሚኒባስ ሲሸጥ የተለካው ቁጥር አብሮ ይሄዳል።